የእህቴ ኮምፒውተር ለምን እንዳልበራ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ጥፋቴን ስዘረዝር ይህችን ብቻ ምላሴ ሥር ደብቄ፣ መስቀል ተሳልሜ ተነሥቻለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ታላቅ እህቴ የፊታችን ሰኞ እኔ በማስተምርበት ክፍል ተማሪ ሆና ልትቀመጥ ነው። ከዚያ በፊት አፌን መክፈት ልለማመድ ብዬ ነው።

ዲላ ውስጥ ብዙ ሰው "ኢንጂነር" እያለ ይጠራኛል። ኮምፒውተሩ እምቢ ያለው ሁሉ ታቅፎት ወደ እኔ ይመጣል። ይህን ስም ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው፤ ያገኘሁትም በውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

አባታችን ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ሳሙና፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ ይሸጣል። ከሱቁ ጎን አንዲት ባዶ ክፍል ነበረች፤ በቡና ወቅት ጆንያ ይከማችባታል። እህቴ ጽጌ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመለስ የጠየቀችው ያቺን ክፍል ነው። ቡሌ ላይ ባንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እንድትቀጠር ተጠርታ ነበር። ቡሌ ደጋ ነው፤ ብርዱም መንገዱም ያስቸግራል። እሷን ያስቀራት ግን ብርዱ አልነበረም።

"አባባ፣ ክፍሏን ስጠኝ" አለችው። "መተየቢያና ማሠልጠኛ እከፍትባታለሁ። ኮምፒውተሩን ደግሞ ዕቃውን ገዝቼ ራሴ እገጥመዋለሁ።"

አጎታችን ጋሽ ወርቁ ሳቁ። "ተገጥሞ ያለቀውን ግዙ እንጂ። ራዲዮ እንኳ የሚጠግን ሰው ባጣንበት አገር ሴት ልጅ ኮምፒውተር ትገጥማለች?"

"የገጠመው ሰው ሲበላሽም ይጠግነዋል፣ ጋሼ" አለች ጽጌ።

አባባ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ጆንያዎቹ ከክፍሉ ይውጡ አለ። በቃ፣ ፈቀደላት ማለት ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ቀን የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ካርቶኖቹን ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ ከመናኸሪያ እስከ ቤት እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ጽጌ ከኋላዬ "ቀስ፣ ቀስ በል፣ ይሰበራል" እያለች ትስቃለች። ካርቶኑ ሲከፈት የሚወጣው የአዲስ ላስቲክ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቁርስ አልበላሁም። ማን ቁርስ ያስታውሳል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መግጠም ጀመረች። መስኮቱ በጎረቤት ፊት ተሞላ። ከወናጎ የሚመጣው የአባባ ደንበኛ አቶ ጅግሶም የገዛውን ቆርቆሮ ደጅ አቁሞ ገባ። ልጁን እዚህ ሊያስተምር አስቧል። ጽጌ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የእጇ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያቃጥል የሳጥኑን ብረት ነካ እያደረገች፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከፍ አድርጋ እያሳየች ትሠራ ነበር። "ይሄ ማዘርቦርድ ነው፣ ሁሉም ነገር እሱ ላይ ይሰካል። ይሄ ፕሮሰሰር ነው፣ የሚያስበው እሱ ነው።" እኔ ብሎን አቀብላለሁ። እህቴን እያየሁ ልቤ ከኩራት የተነሣ ልትፈነዳ ነበር። ኩራት ብቻ ነበር? ቅናትስ አልነበረበትም? ነበረበት። ዛሬ አልደብቅም።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ቀጭኗን ሰሌዳ፣ ራሙን፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ይቺን አንተ አስገባ፣ ሳሚ። ያለ እሷ ኮምፒውተሩ ዓይኑንም አይገልጥም። በሁለቱም ጫፍ ጠቅ ይላል፤ ሁለቱንም ስማ።"

ለእኔ ድርሻ ልትሰጠኝ ፈልጋ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ ተጫንኩት። ባንዱ ጫፍ ጠቅ አለ። በሌላው ጫፍ ግን እምቢ አለ። በረታ ብዬ ስጫነው ማዘርቦርዱ ሲጎብጥ አየሁና ደነገጥኩ። ብሰብረውስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? እጄን አነሣሁ።

"ጠቅ አለ?" አለች፣ ወደ ሌላ ገመድ እየዞረች።

"አዎ" አልኳት።

ይቺ ናት የመጀመሪያዋ። ትንሽ ናት። አንዲት "አዎ" ናት። አልገባልኝም ብል ምን እሆን ነበር? መጥታ በአውራ ጣቷ ተጭናት ትስቅ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር።

ሁሉም ተሰክቶ ሲያልቅ ማብሪያውን ነካችው። ፋኑ ዞረ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። መስኮቱ ላይ የነበሩት አጨበጨቡ፤ የጎረቤታችን ሚስት እልል አለች። እኔም አብሬ ዘለልኩ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ሞኒተሩ ዞርን። ሞኒተሩ ጥቁር ነው። ጠበቅን። አሁንም ጥቁር ነው። እልልታው በምን ፍጥነት እንደሞተ አልረሳውም።

ጽጌ አልደነገጠችም፤ መጀመሪያ ላይ። የሞኒተሩን ገመድ ነቅላ ሰካችው። ሞኒተሩን ተሸክመን ኮምፒውተር ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ወስደን ሞከርነው፤ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ተሸክመን መለስነው። ኃይል ሰጪውን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ፈተሸች። ፕሮሰሰሩን አውጥታ አየችው፣ መለሰችው። ችግር ሲኖር ጢጥ ጢጥ እያለች የምትናገር ትንሽ ስፒከር አለች፤ ከእኛ ሳጥን ጋር ግን አልመጣችም። ብትኖር ኖሮ ታጋልጠኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጽጌ ግንባሯን በእጇ ደግፋ "ሳሚ፣ ራሙ በደንብ ገብቷል አይደል?" አለችኝ።

"ገብቷል። በሁለቱም በኩል ጠቅ ብሏል።"

አስተውሉልኝ። ይህ እንደ መጀመሪያው ድንጋጤ አይደለም። አስቤበት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት። የራሷን ሥራ ሁሉ እየነቀለች ደግማ ሠራችው፤ የእኔን ግን አልነካችውም። አመነችኝ። የበደሌ ልክ እዚህ ላይ ነው፤ እሷ ራሷን ጠረጠረች፣ እኔን አልጠረጠረችም። ጋሽ ወርቁ በደጁ ባለፉ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ምሳ ይቀርባል። እሷ ቆጮውን ሳትነካው ትነሣለች። እኔ አያለሁ፤ እያየሁም እበላለሁ።

ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ላለው መምህሯ ስልክ ልትደውል ወጣች። ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ሳጥኑ ክፍት ነው። ገመዶቹን ገለጥ ሳደርግ የራሙ አንድ ጫፍ በቀጭኑ ከፍ ብሎ ታየኝ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩና ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት።

ጠቅ።

ማብሪያውን ነካሁ። ፋኑ ዞረ። ከዚያ ሞኒተሩ ላይ፣ በጥቁሩ ላይ፣ ነጫጭ ፊደላት መጡ። አንድ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ መስመር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያ ደስታ የውሸት አልነበረም። "በራ! በራ!" እያልኩ በሱቁ በኩል መንገድ ላይ ወጣሁ። አባባ ሚዛኑን ትቶ ሮጠ። ጋሽ ወርቁ መጡ፤ ዕቃ ሊገዛ የመጣው አቶ ጅግሶም መጣ። አባባ ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። አባባ ሰው የሚስም ሰው አልነበረም።

ጽጌ ጩኸቱን መንገድ ላይ ሰምታ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ሮጣ ገባች። ሞኒተሩን አየች። አቅፋኝ ዞረች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። ከዚያ በሁሉም ፊት ጠየቀችኝ፦

"ምን ነበር? ምን አግኝተህ ነው?"

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል። የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ ነው። "እኔ ነኝ፤ ራሙን አላስገባሁትም ነበር" ማለት ነበረብኝ። ቀላል ነበር። በዚያ ደስታ መካከል ሁሉም ይምሩኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ደስታ ለማንም ማካፈል አልፈለግሁም።

"ለፕሮሰሰሩ ኃይል የምትሰጠውን ገመድ በደንብ አልሰካሻትም ነበር" አልኳት።

"እሷን እኮ አይቻታለሁ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"ላልታ ነበር።"

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። አመነችኝ። እንደገና አመነችኝ።

ጋሽ ወርቁ "እኔ አላልኩም?" ብለው ሳቁ። "ወንዱ አስነሣው!"

ያን ቀን እውነቱን የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አቶ ጅግሶ። አማርኛውን ያደገበት ጌዴኦኛ እየጎተተበት ለአባባ እንዲህ አለው፦ "እሷ ነው የሠራው። ይሄ ያስነሣው ብቻ ነው።" ሰዎቹ በአማርኛው ሳቁ። ሴቷን ወንድ አደረጋት ብለው ሳቁ። እውነቱ በሳቅ ውስጥ አለፈ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት አባባ "ክፍሏን ሳሚ ይያዛት፤ አንቺ እያገዝሽው" አለ። ጽጌ አልተከራከረችም። "እጄ ነው አባባ፤ እጄ አይሆንም" አለችና ያንን የቡሌ ሥራ ተቀብላ ሄደች። ሻንጣዋን መኪናው ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ስትሰናበተኝ ያለችኝ "ጎበዝ፤ ክፍሏን በርታባት" ነው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ክፍሏ ሁለት ሆነች፣ ከዚያም ሦስት። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ሲሰፋ ተማሪውም ሠራተኛውም ወደ እኔ መጣ። እኔ ኢንጂነር ሆንኩ። እህቴ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ትተይባለች እንጂ የኮምፒውተር ሳጥን ከፍታ አታውቅም። ገመድ ሲወልቅ እንኳ ሌላ ሰው ጠርታ ታሰካለች። "እጄ አይሆንም" ትላለች እየሳቀች። ባልደረቦቿም እውነት መስሏቸው አብረው ይስቃሉ። ያንን አባባል የሰጠኋት እኔ ነኝ።

በቅርቡ፣ ዝናብ የቡሌን መንገድ በዘጋበት ሰሞን፣ በስልክ ደወለችልኝ። ለስብሰባ የሚቀርብ ሪፖርት አለባት፤ የኮምፒውተሩ ፋን ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው።

"መምጣት አልችልም፣ እትዬ" አልኳት። "አንቺ ክፈቺው።"

"እኔ? እጄን ታውቀው የለም?"

"ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊና ክፈቺው።"

ራሙን አስነቀልኳት። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ጠርዙን በላጲስ አስጠረግኳት። ቦታው መልሳ ስትጫነው በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ጠቅ። ከዚያ ዝም። እኔ እዚህ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ጠቅ። ማብሪያውን ነካችው። ትንሽ ቆይታ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት እህቴ፣ እንደ ልጅ ሳቀች።

"ሳሚ፣ በራ። በእጄ በራ። ሰማኸኝ? በገዛ እጄ ነው የበራው።"

ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡ ይሰማኛል። እኔም እዚህ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ፤ እንባዬ ይወርዳል። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ቀደመችኝ፦

"አንተ ባትኖርልኝ ምን እሆን ነበር? ስማ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ዲላ መጥቼ ከመጀመሪያው ጀምረህ ታስተምረኛለህ። ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ አላፍርም።"

"እሺ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች። ደብተር ገዝታለች። ራም እንዴት እንደሚገባ ለእኔ ያሳየችኝ ሴት፣ እኔን መምህር ብላ ከእኔ ልትማር ነው። ይህን እንዴት እችላለሁ? ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅነቱ ለመጀመሪያዋ "አዎ" ይሆን ይሆናል። ለቀሩት አይሆንም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጎልማሳ ሆኜ ዝም ብያለሁ። አባባን ፈርቼ ነው ልበል? አባባ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ነው፤ አሁንም ዝም ብያለሁ። ሰበብ የለኝም። ብፈልግም አላገኝም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን አልበደልኩም። ያቺን ይቅርታ መስጠትም መንሳትም የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ብትነሣኝም አልፈርድባትም።

ነገ ከቡሌ ትወርዳለች። መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ፤ ቤት ስንደርስ አባባን አጠገባችን አስቀምጬ፣ ራሙን ማን እንዳላስገባው፣ ገመዷም ላልታ እንዳልነበረች፣ እሱ እየሰማ እነግራታለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ይከፈታል፤ ልጆቹ ይመጣሉ። ከፊታቸው ቆሞ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ የምትወስነው ጽጌ ናት።