ራስ የሌለው ሳንቲም

ሥራዬ በስህተት የታተሙ ሳንቲሞችን ለይቶ ፎቶ ማንሳት ነው። ትናንት አንድ ሰብሳቢ የጃንሆይ ዘመን አሥር ሳንቲም ይዞልኝ መጣ። መብራቱን ከጎን አድርጌ በካሜራው ባየው፣ ንጉሡ ከአንገታቸው በላይ የሉም። የመዳቡ ሽታ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ወዲያው ምላሴን በርበሬ አቃጠለኝ።

ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ። እናቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አንድ ገዢ ከፍሏት ከሄደ በኋላ ሳንቲሙን ገልብጣ ስታየው ንጉሡ ራስ የላቸውም።

"ንጉሡን ማን ቆረጣቸው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ራስ የሌለው ራስ ያስቆርጣል!"

ቀና ስትል ጠመንጃ ያነገተ የመንግሥት ዘብ፣ ነጭ ለባሽ፣ ወደኛ ይመጣል። በርበሬ በነካው እጇ ሳንቲሙን አፌ ውስጥ ከተተችው።

"እንዳትውጪው፤ እንዳትተፊውም!"

አፌ ነደደ። ራስ የሚቆርጠው ራሱ ሳንቲሙ መስሎኝ ነበር። ትንፍሽ ብል አንገቴን ከውስጥ የሚበጥሰኝ መስሎኝ ጥርሴን ገጠምሁ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ስምሽ ማነው አንቺ? ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?" አለኝ ነጭ ለባሹ ጎንበስ ብሎ።

"ድዳ ናት፣ ጌታዬ" አለች እናቴ።

"እግዜር ይማራት" ብሎ ፀጉሬን ዳብሶኝ አለፈ።

አሁን ነገሩ ይገባኛል፤ መዳቡ ማተሚያው ላይ ተንሸራቶ ነው እንጂ ንጉሡን የነካ የለም።

"እንዴት ነው፣ እውነተኛ ነው?" አለኝ ሰብሳቢው።

መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ።