እማዬ ከመስኮቱ ፊት

ፀጉር ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ብልጭ» ነው የሚላት። ደንበኛዋን ሠርታ ስትጨርስ «ቀና በይ፣ ወደ እኔ!» ብላ ፎቶ ሳታነሳ ከወንበር አታስነሳም፤ የካሜራዋ መብራት ደግሞ ሰው ያስደነግጣል። ካሜራው ከሰው እጅ የተገዛ ነው፣ አንዱ ጎኑ በፕላስተር ተይዟል። ፎቶ አንሺ ነኝ ብላ ግን አታውቅም። «እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ይሄ አመሌ ነው» ትላለች። እሺ፣ አመል ይሁንላት። ያ ሳምንት ሲመጣ ግን አመሏ መከራዋን አበላት።

ሰኞ ዕለት አባቷን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። አባቷ በጡረታ ያሉ አናጢ ናቸው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀኙም ሰሞኑን ግፊቱ ጨምሮ ሌት ተቀን ሲያንገበግባቸው ከርሟል። ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችም።

«ሐሙስ ቀዶ ጥገና እናደርጋለን። ሕመሙ ይተዋቸዋል። የማየቱን ነገር ግን ቃል አልገባም፤ ያለችው ብርሃን ልትቆይም ልትሄድም ትችላለች» አለች።

አባትየው የተናገሩት ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ከሐሙስ በፊት እናትሽን አሳዪኝ።»

የብልጭ እናት ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በሕይወት ሳሉም ካሜራ ሲያዩ ወደ ጓዳ የሚሸሹ ሴት ነበሩ። የሠርግ ፎቶ የላቸውም፤ የብልጭ ክርስትና ፎቶ ላይም ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰዋል። ፊት ለፊት የተነሱት አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷንም ያነሳቻቸው ብልጭ ናት፣ ካሜራውን በገዛችበት ቀን። ምን ዋጋ አለው! እናቷ የተቀመጡት መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ነበር። ስለዚህ መስኮቱ ቦግ ብሏል፣ መጋረጃው ከነአበባው ይታያል፣ እናቷ ግን ጥቁር ናቸው። ዛሬ ማንም ጀማሪ እንዲህ ያለ ፎቶ ቢያሳያት «ምን ነካሽ፣ ብርሃን ከኋላ?» ብላ የምትቆጣው እሷው ናት። አንዴ እሺ ብትለኝ አጨለምኳት፣ እያለች ስንት ጊዜ ራሷን ወቅሳለች።

አባቷ ደግሞ የሚያዩት ነገር ትልቅና ጥርት ያለ ሲሆን፣ መስኮት አጠገብም ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ እናቷን ከዚያ ጨለማ ማውጣት አለባት፤ የቀራት ደግሞ ሦስት ቀን ነው።

በምን ታውጣቸው? የሚሆናትን ፕሮግራም መርጣ ሳትጨርስ፣ ከዚያ ሰኞ በፊት ሳምንት አልፏት ነበር። የደንበኞቿን ፎቶ ለማስተካከል ብላ ጎረቤቷን ኮምፒውተር ጠጋኙን ስታማክረው ነው የከረመችው። ጠጋኙን ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ የሞተ ኮምፒውተር ይዘው ቢመጡም «ትድናለች» ነው መልሱ። ዶክተር ትልልቆቹ ፎቶ ቤቶች የሚሠሩበትን ፕሮግራም አሳያት። በየወሩ ይከፈልበታል፣ ክፍያውም በባንክ ካርድ ብቻ ነው።

«ካርድ አለሽ?»

«የክትባት ካርድ አለኝ።»

«እንግዲያው ሰባት ቀን በነፃ ሞክሪው። ሲያልቅ ደግሞ እኔ አለሁልሽ» አለና ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍላሽ መታ መታ አደረገ። ፍላሹ ውስጥ ያው ፕሮግራም አለ፣ ቁልፉ ተሰብሮ፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ።

«ያ ሁልጊዜም ነፃ የሆነው ፕሮግራምስ?» አለች። እሱን ከጫነችው ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ ከፍታ፣ የቁልፉን ብዛት አይታ፣ ግማሽ ሰዓት ታግላ፣ ተሳድባ ዘግታዋለች።

«እሱማ ጥሩ ነው፤ ግን ራሱ ምንም አያደርግልሽም፣ ሁሉን ነገር አንቺው ነሽ የምታደርጊው» አላት። ብልጭ ይሄን ስትሰማ ተወችው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት ማታ ደግሞ ለኮምፒውተር ታገልግል እንዴ?

እናም ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣች የሙከራውን ከፈተች። «አሳምር» የሚል አንድ ቁልፍ አለው። ተጫነችው። ወይ ጉድ! እናቷ ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ አሉ። ዓይናቸው፣ ከንፈራቸው፣ ጉንጫቸው። ብልጭ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ረቡዕ በጠዋት ፎቶ ቤት ሄዳ እንደ ትሪ አስፍታ አሳተመችውና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ቤት ገባች።

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ፎቶውን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «ማን ናት?»

«አባዬ!»

«ከደንበኞችሽ አንዷ ናት? እኔ እኮ እናትሽን ነው ያልኩሽ።»

አለቀ፣ ዓይኑ ሐሙስን ሳይጠብቅ ጠፋ፣ ብላ ነው ያሰበችው። ጣቶቿን ፊታቸው ላይ ዘረጋች። «አባዬ፣ ስንት ነው?»

«ሦስት። ደሞ ጥፍርሽ ላይ የፀጉር ቀለም ደርቋል፣ አታጥቢውም?»

ያያሉ ማለት ነው። ታዲያ ምን ሆኑ? ፎቶውን ከእጃቸው ወስዳ ራሷ አስጠግታ አየችው፤ ያኔ ነው የገባት። ከግራ ቅንድባቸው በላይ የነበረው ጠባሳ የለም። እናቷ «በልጅነቴ ወድቄ ነው» የሚሉት፣ እንደ ጥፍር የጎበጠ ጠባሳ ነበራቸው። ፕሮግራሙ እሱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል። የዓይናቸውን ዳር መስመርም ጠርጎታል። ሃያ ዓመት የጎልማሳ ሴት ፊት ላይ አራግፎ፣ የማንም ያልሆነች ቆንጆ አስቀምጧል። እሷስ ማታ እንዴት ሳታየው ቀረች? እንዴት ታየዋለች! የሰው ጉድለት መሸፈን የዕለት ሥራዋ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አለች ለራሷ።

«ነገ ሳትገባ አሳይሃለሁ» አለቻቸው።

«ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው የምገባው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ፀጉር ቤቱን ዘግታ ላፕቶፑን ከፈተች። የማሳመሩን ነገር አጥፍታ ብርሃኑን ብቻ ትጨምራለች፣ በቃ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ግን አንድ መስመር ጻፈላት፤ የሙከራ ጊዜዎ አልቋል። ዶክተር የጫነላት ባለፈው ረቡዕ መሆኑን ረስታ ከሰኞ ጀምራ ነበር የቆጠረችው። ወይ ነዶ!

ዶክተር ስትጠራው ወዲያው መጣ፤ ፍላሹን አውጥቶ ላፕቶፑ ጎን ላይ ሊሰካ ሲል እጁን ያዘችው።

«ቫይረስ የለውም?»

«መከላከያውን አጥፍተን ነው የምንጭነው።»

«ማለት?»

«ማለትማ… አብዛኛው ሰው ምንም አልሆነም።»

«ላፕቶፔ ብትሞትስ?»

«ትድናለቻ!»

«በስንት ቀን?»

ዶክተር አንገቱን አከከ። «በሁለት ቀን።»

«ሐሙስ ነገ ነው» አለች። ፍላሹን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አጠፈችለት። ተቀየማት፤ ይቀየም።

የቀራት ያ የሰደበችው ነፃ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖባት፣ ለመክፈት ብቻ አሥር ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ ሁሉን አንድ ላይ አበራችው፤ መስኮቱ ነጭ እሳት ሆነ። መለሰችው። ፊቱን ብቻ ለይታ አበራች፤ አመድ መሰለ። መለሰችው። ከዚያ አጉልታ፣ ፀጉር በቀጭን በቀጭኑ እየለየች ቀለም እንደምትቀባው፣ ብርሃኑን ጥቂት በጥቂት በእጇ ትቀባው ጀመር። ጉንጭ። አፍንጫ። የዓይን ዳር። ስምንት ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ደርቆ ቀረና የሠራችው ሁሉ ጠፋ። ጮኸች፤ ደግነቱ ፀጉር ቤቱ ባዶ ነው። እንደገና ጀመረች፣ አሁን ግን በየጥቂቱ እያስቀመጠች። ደንበኞች በሩን እያንኳኩ ተመለሱ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግራ ቅንድቡ ላይ ደረሰች። ትንሽ ስታበራው ጠባሳው ብቅ አለ። እጇም እዚያው ቆመ።

ያን ቀን ትዝ አላት፣ እንደ ዛሬ። ብልጭ ወንበሩን ያስቀመጠችው በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት በሚመጣበት ቦታ ነበር። እናቷ ናቸው ወንበሩን ጎትተው ወደ መስኮቱ የወሰዱት። «እዚህ ይሻለኛል» ብለው ጀርባቸውን ለብርሃን ሰጡ። እሷ ጀማሪ ነበረች፣ ዝም ብላ አነሳች። አሁን ነው የተገለጠላት። እማዬ እዚያ የተቀመጠችው ጨለማውን ፈልጋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የደበቀችውን እኔ ልገልጠው ነው።

አጨናነቃት። ያ የሙከራው ፕሮግራም እኮ እናቷ የሚፈልጉትን ነው ያደረገው! ግን አባቷ አላወቋቸውም። ነገ አራት ሰዓት ደግሞ በሩ ይዘጋል፤ ተመልሶ መከፈቱን ማንም አያውቅም። የማንን ልብ ትጠብቅ? የሞተችውን ወይስ ዓይኑ የሚሄድበትን?

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ» አለች ጮክ ብላ፤ ጠባሳውንም እስከ ጫፉ አበራችው።

ሐሙስ ፎቶ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ አባቷ የቀዶ ጥገና ጋወን ለብሰው ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ነርሷ መዝገብ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ብልጭ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ፎቶውን ሰጠቻቸው።

ፊታቸው አጠገብ ወሰዱት። ፎቶው ነጠብጣብ የበዛበት፣ ሻካራ ነው፤ የትናንቱን ያህል አያምርም። ጣታቸው ቀስ ብሎ ሄዶ ከግራ ቅንድቡ በላይ ቆመ።

«ይሄን እኔ ነኝ ያደረግኩት» አሉ።

«ምን?»

«መዶሻዬ ላልቶ ነበር። ዛሬ ነገ አጠብቀዋለሁ ስል፣ ምሳ ይዛልኝ የመጣች ቀን ብረቱ ከእጀታው ወልቆ በረረባት። አንቺን ‹በልጅነቴ ወድቄ ነው› ነው ያለችሽ፣ አይደል? ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምትለው። ባሏ ይመታታል እንዳይሉኝ ብላ፣ ማንም እንዳያይና እንዳይጠይቃት ፊቷን እያዞረች ኖረች። ለኔ ብላ እኮ ነው፣ ልጄ። ማታ ማታ እኔ በጣቴ እዳብሰው ነበር።»

ብልጭ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን አቀፈች፤ እንባዋ ጋወናቸው ላይ ወረደ።

«አባባ፣ ተራዎ ደርሷል፤ እንግባ» አለች ነርሷ።

«መጣሁ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉና ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። የብልጭ ጥላ ወድቆበት ነበር።

«ዞር በይ» አሏት። «ብርሃኑን ጋረድሽብን።»

ብልጭ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ነርሷም አብራት ዞር አለች።