ስም መጨረሻ ላይ የሚጠራው ጡሩምባ

ሰፈሩ ሁሉ ጡሩምባ ይለዋል፣ ሚስቱ ሳትቀር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜው አልፎበታል።

ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የተሸከመች አሮጌ መኪና እየነዳ ማስታወቂያ ይናገራል። ሱቅ ሲከፈት፣ ዋጋ ሲቀንስ ወሬው የሚያልፈው በእሱ አፍ ነበር። እኛ በነጻ የምናደርገውን እሱ እየተከፈለው ያደርጋል እያልን እንቀናበት ነበር።

የሥራው ምስጢር አንድ ነው፤ የሱቁን ስም መጀመሪያ አይጠራም። መንገዱ መግቢያ ላይ በሰላምታ ይጀምርና እናቶች እንዴት እንዳደሩ፣ የአባቶች ጉልበት እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ሴትየዋ እጇን እያደረቀች ከጓዳ እስክትወጣ፣ ባልየው ሬዲዮኑን እስኪቀንስ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ስሙ የሚመጣው መስኮቱ ሁሉ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለምን ሲሉት፣ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላል።

ኋላ ነጋዴው ሁሉ ማስታወቂያውን ወደ ስልክ ወሰደው። መጀመሪያ ፀጉር ቤቷ፣ ቀጥሎ ጫማ ሻጩ ጥለውት ሄዱ። ጫማ ሻጩማ ስልክ የሰው ጫማ ማለቁን ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ጡሩምባ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ሰው ፊት አልናገርም አለው።

የቀረው የሶፋ ነጋዴው ብቻ ነበር፣ የድሮ ወዳጁ። እሱም አንድ ቀን ጠራውና የዓለም ነጋዴ በሙሉ ወደ ስልክ እንደሄደ፣ ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ እንኳ ገበያቸው እንደቀዘቀዘ ነገረው። ከዚያ፣ «ድምፅህን በስልክ እንልቀቀው» አለ። «ሰው ካዳመጠህ አብረን ነን። ካላዳመጠህ ግን፣ ወንድሜ፣ መኪናዋን አቁማት። ብቻ ስሜን መጀመሪያ ጥራው፤ አምስት ሰከንድ ካለፈ ሰው ይዘልሃል።»

ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ ተቀዳ። ደጋግሞ ሞከረ። የሱቁን ስም ሊል አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው «እናቶች እንደምን አላችሁ» ነው። ያን ሁሉ ዘመን የለመደ ምላስ በአንድ ከሰዓት አይገራም። ነጋዴውም ደከመውና ይሁን አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ማስታወቂያው በስልክ ከተለቀቀ በኋላ የሚሆነውን ሰፈሩ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የነገረው ግን የለም።

አንድ ምሽት ጡሩምባ በር ሥር ጫማውን ያወልቃል። ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ስልኳ ላይ ድራማ ታያለች። ድራማው ቆመና የባሏ ድምፅ ወጣ። «እናቶች እንደምን አላችሁ፣ አባቶች ጉልበ...» አውራ ጣቷ ሄደና «ዝለል» የሚለውን ነካው፤ ድራማው ቀጠለ። እሷ ቀና እንኳ አላለችም። ቀና ያለችው የጫማው ድምፅ ሲቋረጥባት ነው።

«ጠልቼህ አይደለም» አለችው። «ጣቴ ነው። እሱ መቼ እኔን ይጠይቃል?»

«አልፈርድበትም» አለ። «የእኔም ጣት እንደሱ ነው።»

ሁለተኛውን ጫማ ማውለቁን ትቶ እዚያው ተቀመጠ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሽንኩርቱ ነው አለች፣ እሱም ሽንኩርቱ ነው አላት።

በሳምንቱ የሶፋ ነጋዴው ደወለ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀ፣ ስለ ወገቡ ጠየቀ፣ ስለ መኪናዋ ጎማ ጠየቀ፣ ዘንድሮ ብርዱ እንደጠና አወራ። ስሜን መጀመሪያ ጥራው ያለው ሰውዬ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ሊያመጣው መሆኑ ለጡሩምባ ገና ከሰላምታው ገባው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ደጃፍ ወጥቶ የመኪናዋን በር ተደገፈ።

ስልኩን ዘግቶ መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለውም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።