ከሆዷ ሥር እንቁላል የያዘችው የባሕር ፍጥረት

ዛሬ ደብረ ታቦር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ!

ያስጮኸችኝ፣ ጓደኛዬ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የላከልኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ሰባት ጥንድ እግር ያላት ፍጥረት ናት። (እኔ ከጣና ሌላ ባሕር አይቼ አላውቅም።)

«አዲስ ዝርያ ናት» ስላቸው መምህሬ፣ «የምትመስላት፣ የታወቀችው ትልቋ ዝርያ ልጅ ብትሆንስ? ያነሰችው ገና ስላላደገች ይሆናል» ብለውኝ ነበር።

ዛሬ በማይክሮስኮፕ ገልብጬ ሳያት ከሆዷ ሥር ስስ ከረጢት አላት፤ ውስጡም እንቁላል ሞልቷል። ለካ እናት ናት! ከዚህ በላይ አታድግም።

መምህሬን ጠራኋቸው። አጎንብሰው አዩና፣ «በይ እንግዲህ፣ ስም አውጪላት» አሉኝ።

ገሳይ ከተማ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። «በሆዷ ነው የምታዝለው?» ብላ ሳቀች። «ታዲያ ጀርባዋ ምን ሆነ?»

እናንተስ፣ ሥራችሁ ላይ ምን ትንሽ ነገር አግኝታችሁ በደስታ ሰክራችኋል? እስኪ አጫውቱኝ።