ጭንብል የሚያስወልቀው ሰውዬ

እናቴ የስኳር መርፌዋን ያቆመችው አንድ እሑድ ከአምልኮ ስትመለስ ነው። ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ አለ። እዚያ የሚያገለግል ነቢይ እጁን ጭኖ «ተፈውሰሻል፤ ከእንግዲህ መርፌ መወጋት አለማመን ነው» ብሏት መጣች። ነቢዩ ራሱ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። ይህን ስነግራት «አንቺ ሁልጊዜ ዓይንሽ ሰው ላይ ነው» አለችኝ። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው መድኃኒትሽን ውሰጂ ብለው ለመኗት። ሐኪሙም መርፌው ከቀረ እግሯ ላይ የወጣው ቁስል እንደማይድን፣ ሕይወቷም እንደማይተርፍ ሳያለሳልስ ነገረን። እሷ ለሁሉም ሻይና ሙዝ አቅርባ በሰላም ትሸኛለች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ከሚሳደብ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ይጫወታል። ያ ጨዋታ ያንገበግበኝ ነበር። ታሪኩ ዓለም ካለቀች በኋላ ነው፤ ከተሞች ፈርሰዋል፣ አየሩ ተመርዟል፣ የተረፈው ሰው ጭንብል አጥልቆ ይንከራተታል። ተጫዋቹ በመንገዱ ላይ ከሚያገኛቸው ሰዎች አንዱ ተራራ ላይ ተከታዮች የሰበሰበ መሪ ነው። ነጠላ የመሰለ ነጭ ነገር ተከናንቦ «ለሚያምን ሰው አየሩ ነጽቷል፤ ጭንብላችሁን አውልቁ» ይላቸዋል። ያወልቃሉ። እየሳሉ፣ ደም እየተፉ ያመሰግኑታል። ተጫዋቹ የሰውዬውን ጓዳ ሰብሮ ከገባ ግን ጭንብሉን አጥብቆ አስሮ ተቀምጦ ያገኘዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ «ይህን ለእማዬ አሳያታለሁ። እኛን ባታምን ዓይኗን ታምናለች» አለኝ። ስንት ዓመት ስረግመው የኖርኩት ጨዋታ ለአንድ ነገር ሊጠቅም ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ያላሰብነው ነገር ማስተርጎሙን ነው። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ ደግሞ ካምባ በሚባል ደጋ አገር ያደገች፣ ከገበያ አማርኛ በቀር ጋሞኛ ብቻ የምትችል ሴት ናት። ወንድሜ ገና በጉርምስናው ከሩቅ ለሚመጡ ሰባኪዎች ወደ ጋሞኛ ሲያስተረጉም ነው ያደገው። እኛ ዘንድ አስተርጓሚ ቃል ብቻ አያቀብልም። ሰባኪው ሲጮህ ይጮሃል፣ ሲያለቅስ ያለቅሳል፣ እጁን ሲያነሣ አብሮ ያነሣል። ቀዝቀዝ ካለ ከመድረክ ያወርዱትና ሌላ ይተካሉ። ወንድሜ ሌላ ዓይነት ማስተርጎም አያውቅም።

እናቴ ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፈተ። የተራራው ሰውዬ በለሆሳስ ጀመረ፤ ወንድሜም በለሆሳስ ጀመረ። ሰውዬው ድምፁን ሲያነሣ ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሣ። «ስለምን ትፈራላችሁ?» ሲል ደረቱን መታ፤ «አውልቁ» ሲል እጁ ወደ ላይ ወጣ፣ ግንባሩን ላብ ወረሰው። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እኔን እንኳ ሰውነቴን ወረረኝ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» አለች።

ወንድሜ ደነገጠ። ቶሎ ብሎ ጨዋታው ውስጥ የሰውዬውን በር ሰበረና ጓዳው ገባ፣ ጭንብሉን ያሰረውን ሰውዬ አሳያት። «አየሽ እማዬ? ለእነሱ አውልቁ ይላል፤ ለራሱ አላወለቀም።»

እናቴ ሰውዬውን ትክ ብላ አየችው። «ስለ እነሱ ሲጸልይ ታሞ ይሆናል» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «አንተ ግን ይህን የመሰለ ጸጋ ይዘህ ቤት ትቀመጣለህ?»

የእሷ ነቢይ የሚሰብከው በአማርኛ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ደህና አስተርጓሚ አልነበረውም። ወንድሜን አስተርጉምልን ብላ እየሄደች እየመጣች ለመነችው። እሱም «መርፌሽን ከተወጋሽ አስተረጉማለሁ» አላት። ጥቂት ቀን አሰበችና እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ወንድሜ በየጠዋቱ ራሱ ይወጋት ጀመር። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የእግሯ ቁስል መድረቅ ሲጀምር ሐኪሙ እንኳ ተገረመ። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በባጃጅ እየሄድኩ ብቻዬን የሳቅሁበት ቀን አለ።

ወንድሜን «ብቻ ቀዝቀዝ አድርገህ አስተርጉም» ብዬው ነበር። እሞክራለሁ ብሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ሄጄ ከኋላ ቆሜ አየሁት። ማይኩን ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ከነቢዩ እሱ ይበልጥ ነበር። ሕዝቡ ነቢዩን ትቶ የሚያየው እሱን ነው። ነቢዩ ስለ ፈውስ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ፣ ወንድሜ አፍ ላይ ሲደርስ እሳት ይሆናል። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ቤት ሲመጣ «ምን ላድርግ፣ አፌ እምቢ ይለኛል» አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት መርፌውን ይዞ ሲቀርባት እናቴ እጁን በቀስታ መለሰችው።

«እማዬ፣ ተስማምተን ነበርኮ» አላት።

«ተስማምተን ነበር» አለች። «ያን ጊዜ የምሰማው የስብከቱን ግማሽ ነበር። ያልሰማሁትን እጠራጠር ነበር፤ ለዚህ ነው እሺ ያልኩህ። አሁን ሁሉንም በቋንቋዬ ሰማሁት፣ በአንተ አፍ። የወለድኩት ልጅ ያታልለኛል?»

ወንድሜ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ያደረገው ሁሉ ማስተርጎም ብቻ እንደሆነ፣ ከተናገረው አንዱንም እንደማያምን፣ ከመርፌው በቀር የሚያድናት ነገር እንደሌለ እያለቀሰ ነገራት። በጋሞኛ ነው የነገራት፣ እንዳይጠፋት አንድ በአንድ።

እናቴ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችው። ከዚያ ራሱን ዳበሰችና «አይዞህ ልጄ» አለችው፤ «አሁን የምትናገረው አንተ አይደለህም።»