ለእህቴ የቀዳነው ድምፅ

አባቴ በሞተ ሰሞን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የላፕቶፑ ጉርምርምታ ነበር። ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ ዘመዶች አሉ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ላፕቶፕ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ አንዱ፣ ያረጀው፣ በእኔ እጅ ነበር። አባቴን ቀበርነው፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ፣ እኔ ግን አላለቀስኩም። እንደደነዘዘ እግር ሆኜ ነበር፤ እግሩ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሲነኩት አይሰማኝም። እናቴ ታየኝና ዝም ትላለች። አክስቴ ዝም አትልም፤ «ይኸ ልጅ እንጨት ነው» ትላለች፣ እኔው እየሰማሁ።

እህቴ ጅዳ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የአባታችንን መሞት አልሰማችም፤ እንዳትሰማም ተወስኗል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገና ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። የሚይዛት ሰው በሌለበት ለሴት ልጅ «አባትሽ ሞተ» አይባልም። ራሷን ስትጥል የሚያነሳት፣ ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ ያስፈልጋል። ጅዳ ላይ ያሏት ደግሞ በር ቆልፈውባት የሚወጡ አሠሪዎች ናቸው። ኮንትራቷ ፋሲካ አካባቢ ስለሚያልቅ ያን ጊዜ እዚሁ፣ እናቷ አጠገብ ይነገራታል ተባለ። እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። «ልጄ ለብቻዋ አታለቅስም» አለች። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ያስቸገረን ስልኩ ነው። እህቴ በተፈቀደላት ጊዜ ትደውላለች፤ ሰላምታው ሳያልቅ «አባዬን አቅርቡልኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው አልናት። ሌላ ጊዜ ጸበል ገብቷል አልን። ከዚያ አክስቴ ማንንም ሳታማክር ኒሯቅ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ አለቻት፤ እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ ፃግብጂ ነው ያለው አልኩ። ለውሸት እንኳ የማንስማማ ቤተሰብ ነበርን። እናቴ እያደር ስልኩን መያዝ ፈራች፤ ጥያቄው ሲመጣ ድምፅዋ ይሰበራል። ዘዴውን ያገኘችው ግን ራሷ ናት።

«በዚያ በኮምፒውተርህ ቅዳኝና ላክላት» አለችኝ። «የተቀዳ ድምፅ ጥያቄ አይጠየቅም።»

ነገሩ ለቤታችን አዲስ አልነበረም። ልጆች ሳለን ሱዳን ለነበረው አጎታችን ሰላምታ የምንልከው በካሴት ነበር፤ ተራ በተራ ቴፑ ፊት ቁጭ እያልን። አሁን ካሴቱን የስልክ ሜሞሪ ተክቶታል። ከጎረቤት አንዲት ልጅ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው። እሷም ሰው ቤት ስለሆነች እህቴን በአካል አታገኛትም፤ ሜሞሪውን በሾፌር እጅ እንድታደርስላት ተስማማን። ስለ አባቴ እንዳትናገርም እናቴ አስማለቻት።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ከፍቼ ስሰማ ከእናቴ ድምፅ በላይ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። ከሩቅ የሚሠራ ወፍጮ የመሰለ ጉርምርምታ፣ በላዩ ደግሞ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት የሚንጨረጨር ነገር። ነውር ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ አልቅስ፣ ብላ፣ ተኛ በሚለኝ ሰሞን የማውቀው ሥራ ተገኘልኝ።

ጥፋቱ የማይኩ መሰለኝ፤ ከቢሮ ሌላ አመጣሁ፤ ያው ነው። ሞባይሌን አጠፋሁ፤ ጥሪ ሊመጣ ሲል የሚያሰማው ድርድርታ ጠፋ፣ ጉርምርምታው ግን ንቅንቅ አላለም። ረጅሙን ነጭ አምፖል አጠፋሁ፤ መንጨርጨሩ ትንሽ ቀነሰ። የመቅጃውን መጠን ዝቅ አደረግሁ፤ ጉርምርምታው ዝቅ ሲል እናቴም አብራ ዝቅ አለች። በለቅሶ የተዘጋ ጉሮሮ ነው፤ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መጠኑን እስከ ጣሪያው ድረስ ከፍ አድርጌ ጉርምርምታውን በሌላ መንገድ ማጥፋት ነበረብኝ።

ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ አለ። ጭጭ። ጥፋቱ ከመብራቱ መስመር እንደሆነ ገባኝ። ነገር ግን ባትሪው አርጅቷል፤ እናቴ የጎረቤቶቹን ሰላምታ ሳታዳርስ ማሽኑ ድርግም አለ። በእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። ቻርጀሩን መልሼ ስሰካ ሶኬቱን አየሁት፤ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሦስተኛው እግር ተሰብሯል። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ሁለት ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ላይ አልገባ ቢለው ቆርጦት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም።

መፍትሔውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ገመድ ላስተካክል ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን ብረት ስነካ ጉርምርምታው ወረደ። እጄን ሳነሳ ተመለሰ። ጫማዬን አውልቄ ብረቱን ስይዝ ጨርሶ የጠፋ ያህል ሆነ፤ ቤታችን ወለሉ አፈር ነው። የጎደለውን እግር እኔው ተካሁት ማለት ነው። መሬት ላይ ባዶ እግሬን ቁጭ ብዬ፣ አንገቴን አቀርቅሬ፣ አንድ እጄን ማሽኑ ላይ አድርጌ ሳለሁ አክስቴ ገባች። ቆማ አየችኝ።

«አሁን ገና ሐዘንተኛ መሰልክ» አለች።

ለመቅዳት የገበያ ቀን መረጥን። ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ስለሚወጣ ቤቱ ጭር ይላል ብለን ነው። የገበያ ቀን የገጠር ዘመድ ሁሉ ከተማ እንደሚገባ፣ መርዶውንም እዚያው ገበያ ላይ ሰምቶ ለቅሶ ሳይደርስ እንደማይመለስ የዘነጋነው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ እናቴ አንድ ነገር ጠረጠረችና አክስቴን የግቢው በር ላይ አቆመቻት። የመጣውን ሁሉ ዝም እንድታሰኝ ታዘዘች። ለብርሃን ብለን የቤቱን በር ገርበብ አድርገን ተውነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እህቴ ፊቷ እንዳለች ሁሉ ፊቷን አበሰችና ጀመረች። በአፍ መፍቻዋ፣ በኽምጣንጋ ነው የጀመረችው። ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ ተድራ ስለሄደችው የጎረቤት ልጅ አወራቻት። ድምፅዋ እየጠነከረ መጣ። አባቴ ጋ ስትደርስ ወደ አማርኛ ዞረች። «አባትሽ ጸበል ነው ያለው። እግሩን ስላመመው ነው እንጂ ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል» አለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ በእሱ መዋሸት ቀሏት ይሆናል። ከዚያ ወደ ኽምጣንጋዋ ተመለሰች።

በዚህ መሃል የአባቴ አጎት ከጋዝጊብላ መጡ። በተገረበበው በር በኩል አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ቆመዋል። አክስቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ምልክት ከሰጠቻቸው በኋላ እየጎነበሰች ትስማቸዋለች። ምን እንደተባባሉ ልብ አላልኩም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ የሚዘለው አረንጓዴ መስመር ላይ ነበር። እናቴ ትንፋሽ ስትወስድ መስመሩ ይተኛል ወይስ አይተኛም፣ እሱን ነው የማየው። አልፎ አልፎ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይተኛል። ደስ አለኝ።

የቀረውን ሽሽታ በአንድ ፕሮግራም አጠብኩት። ድምፅ የሌለበትን ቦታ ትመርጥለታለህ፤ ይህን የመሰለውን ሁሉ አውጣ ትለዋለህ፤ ያወጣል። በላፕቶፑ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ለእናቴ አሰማኋት። ከማጉያው የሚወጣው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። «እኔ ነኝ?» አለች። ነሽ አልኳት። ቢሮ ውስጥ እንዲህ የጠራ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሜሞሪው ሄደ።

እህቴ ቀጥሎ ስትደውል አባዬን አቅርቡልኝ አላለችም። ስለ እናቴ ጤና ጠየቀች፣ የእኔን ሥራ ጠየቀች፣ ዘጋች። በሌላም ጊዜ እንዲሁ። ቤቱ ውስጥ እፎይታ ሆነ። አክስቴ እንኳ «እንጨቱ ሥራ ሠራ» አለችልኝ። እናቴ ምግብ መቅመስ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። እኔም ከሐዘኑ የድርሻዬን የተወጣሁ መሰለኝ፤ አላለቀስኩም እንጂ ጉርምርምታ አጥፍቻለሁ።

ጾሙ ሊገባ ሲል የእህቴ መልስ መጣ፤ እሷም ቀድታ፣ በሌላ ተመላሽ እጅ፣ በሜሞሪ። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እዚያ ቤት ሶኬቱ ሦስቱም እግር አለው መሰለኝ፣ አንዳች ጉርምርምታ የለውም። እህቴ በዝግታ ታወራለች። «እማዬ እንደምን ሰነበትሽ» ብላ ጀመረች። ወደ እኔ፣ ወደ አክስቴ፣ ወደ ጎረቤቶቹ አለፈች። እኔ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቢ፣ ምግብ ብይ አለቻት።

«ከመጀመሪያው አስጀምረው» አለች እናቴ።

አስጀመርኩት።

«ቆርጠኸዋል?»

«አልቆረጥኩም።»

«እንግዲያ አባቷን አልጠራችም» አለች። በቤታችን ሰላምታ ከአባት ይጀምራል። በካሴቱም ጊዜ፣ በስልኩም፣ ከእሱ ሳይጀመር ወደ ሌላ አይታለፍም። የታመመ ሰው ደግሞ፣ ጸበል የገባ ሰው፣ ይልቁንም ይጠየቃል። እህቴ እንዴት ነው እንኳ አላለችም። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈችና «እኛ የላክነውን ክፈትልኝ» አለችኝ።

በማጉያው ከእናቴ ድምፅ ሌላ ምንም አልተሰማም። እህቴ ግን እንዴት እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ አሠሪዎቿ እንዳያዩ በሻርፗ ሥር ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነው። የቢሮዬን ማዳመጫ አመጣሁና አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለራሴ አደረግን። እናቴ ስለ ላሟ አወራች። ስለ ዝናቡ አወራች። አባትሽ ሰላም ብሎሻል አለች። ትንፋሽ ወሰደች። ጉርምርምታው በነበረበት ቦታ፣ ከሩቅ፣ ግን ፊደሉ ሳይቀር የሚለይ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ነፍሱን ይማር። እናንተን ያጥናችሁ።»

ቀጥሎ አክስቴ፣ በሹክሹክታ፦ «አሜን። ይግቡ አባባ፣ ግን ቀስ ብለው።»

ጉርምርምታው ባይጠፋ ኖሮ ይሸፍነው ነበር። እናቴ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ መዳፏ ላይ ይዛ አየችው። እኔን አልተቆጣችኝም፣ አክስቴንም አልተጣራችም። እህቴ ይህን ከሰማች በኋላ ስንት ጊዜ ደውላ እንደሳቀችልን፣ ስንት ጊዜ ምግብ ብይ እንዳለቻት እያሰበች ይመስለኛል። እኔ የማስበው እሱን ነበርና።

«ማን ይዟት ይሆን?» አለች።

ማዳመጫውን ከመዳፏ ወሰድኩ። የእህቴን ቀረጻ ለእናቴ ከመክፈቴ በፊት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን፣ በማዳመጫ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰምቼው ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ከድምፁ ኋላ ያለውን ነው የማዳምጠው። አንድም ሰው አልነበረም።