ከማብሪያው እስከ አምፖሉ

ደብረ ማርቆስ ወዳለችው የጭቃ ቤቴ የመጣው የመብራት ሠራተኛ ገመድ ልቅበር ብሎ ግድግዳዬን ከማብሪያው እስከ አምፖሉ ቦርቡሮት ሄደ። መድፈኛ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ጂፕሰም ይሻላል ስቱኮ እያልኩ ሳመነታ ጎረቤቴ እማማ ጥሩወርቅ ከኋላዬ ደረሱ።

"ተው ልጄ፣ ጂፕሰም ጭቃ ላይ አይዝም፤ ተላቆ ይወድቅብሃል። የጤፍ ጭድ እኔ እሰጥሃለሁ፤ ከጭቃ አቡካና ምረግበት።"

እንዳሉኝ አቡክቼ መረግኩት። በመዳፌ ሳለሰልሰው እንዲያ አማረና ልቤ አበጠ።

"እማማ፣ ሲደርቅ ገመዱ በየት እንዳለፈ ከለዩ ዶሮ አርድልዎታለሁ!" አልኳቸው።

"እናያለና" አሉ።

ወሩ ሐምሌ ነው። ምርጊቱ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ መስኮቱን እንደተከፈተ ትቼ ሉማሜ ዘመድ ልጠይቅ ሄድኩ፤ እዚያም ሰነበትኩ። ስመለስ እማማ ጥሩወርቅ ተከትለውኝ ገቡ። ግድግዳውን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከማብሪያው እስከ አምፖሉ፣ ገመዱ ባለፈበት ሁሉ፣ ለምለም ጤፍ በቅሏል።

"አይ ጉዴ፣ ጤፌ በደንብ ሳይወቃ ቀርቷል ለካ!" አሉ። "በል ዶሮህን እረድ። ለአረሙ የምንጠራው ወንፈል ምን ይበላል?"